ለአሮጌ ቫን ተለዋጭ ሞተር ስለ መምረጥ

በወላይታ ሶዶ ለሚሠራ ነጋዴ መኪና ማለት የሸክም ማመላለሻ ብቻ አይደለም። ከተማችን የብዙ መንገዶች መገናኛ እንደ መሆንዋ መጠን፣ አንዱ መንገድ በአላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ ሁለተኛው በአረካና በሆሳዕና በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ አራተኛው ወደ ጎፋ ሳውላ፣ አምስተኛውም የኦሞን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዳውሮ ይወስዳል። በእነዚህ መንገዶች የሚመላለስ ገበያተኛ ነጋዴ በአንድ አሮጌ ቫን ውስጥ መጋዘኑንም፣ ሱቁንም፣ መኝታውንም ይዞ ይዞራል። ከገበያው ቀን በፊት በዋዜማው ደርሶ መኪናው ውስጥ ያድራል፤ ጎሕ ሲቀድ ዕቃውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከዚህም በቀር ቱሪስቶችን ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጂንካ የሚያደርሱ አንዳንድ ሰዎች፣ አልጋና የምግብ ማብሰያ የተሠራለትን ቫን ለዚሁ ሥራ ይጠቀሙበታል። እንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሞተር ሲደክም፣ የሚቆመው አንድ ማሽን ብቻ ሳይሆን አንድ የንግድ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ብዙው ነጋዴ አሮጌውን ሸጦ፣ ጥቂት ጨምሮ፣ የተሻለ መኪና መግዛትን ይመርጥ ነበር። ዛሬ ግን ይህ መንገድ ጠቧል። ለምን ቢባል፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዋጋ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን ሻሲ ጠብቆ ሞተሩን መለወጥ፣ ቀድሞ የድኃ መፍትሔ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የአስተዋይ ነጋዴ ሥራ ሆኗል። ዳሩ ግን ሞተር መለወጥ እንደ ጎማ መለወጥ አይደለምና፣ የሚመረጠው ሞተር ካልተስማማ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ከገንዘቡም የበለጠ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ይህን የምጽፈው እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ይሁን እንጂ የመኪና ጠባይ ከሞተሩ ድምፅ ይልቅ በሒሳብ መዝገብ ላይ ቀድሞ ይታያል። የማገለግልበት የንግድ ቤት ያለው ቫን ቶዮታ ሃይስ ነው፤ በናፍጣና በዘይት መዝገቡም ላይ የሁለት ዓመት ጽሑፍ አለ። ሞተሩ እንዲለወጥ በታሰበ ጊዜ ከአራት ሻጮች አራት ልዩ ልዩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እነዚህን ለማመዛዘን የተሰበሰበው ማስረጃ ለሌሎች ነጋዴዎችም ይጠቅማል ተብሎ ስለ ታመነ፣ በዚህ ጋዜጣ እንደሚከተለው ቀርቧል።

1ኛ፤ ሞተሩ በእርግጥ አልቋልን?

ተለዋጭ ሞተር ከመፈለግ በፊት አሮጌው በእርግጥ የማይድን መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚደክመው ሞተሩ ሳይሆን የሞተሩ አጋዦች ናቸው። በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ናፍጣ በደኅና የማይረጭ ኖዝል፣ ልኩን የሳተ የናፍጣ ፖምፓ፣ ጉልበት ያሳጣሉ፤ ነዳጅም ያስበላሉ። የእነዚህ ማሠሪያ ዋጋ ግን ከሞተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የመጀመሪያው ምልክት የጭሱ ቀለም ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ማነሱን ያመለክታል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ፊልትሮው፣ ኖዝሉና ፖምፓው ይመርመሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ መበላቱን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ ከራዲያተሩ ውኃ መጉደል ጋር ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ወይም ቴስታታው ራሱ መሰንጠቁን ያስጠረጥራል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ኃይል የሚለካው መሣሪያ ነው።

በዚህ ልኬት ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 4 አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው የመጭመቅ ልክ ግን ለባሕር ወለል የተሰጠ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር አንድ ጤነኛ ሞተር ሲለካ ከመጽሐፉ ቁጥር አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ቢገኝ አያስደንቅም። መካኒኩ ይህን ሳያስብ «ሞተሩ አልቋል» ቢል፣ ተራራውን እንጂ ሞተሩን አልለካም። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ካሉ አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱ ደኅና ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን በሽታው እዚያው ነው። በእኛ ቫን ላይ በመጀመሪያ ፊልትሮውና ኖዝሎቹ ተለውጠው ጭሱ ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሲሊንደሮች ከቀሩት እጅግ ዝቅ ብለው ስለ ተገኙና የዘይት ወጪው በስድስት ወር ውስጥ በእጥፍ ስለ ጨመረ፣ ሞተሩ እንዲወርድ ተወሰነ።

2ኛ፤ የአገራችን ከፍታና መንገድ ምን ይጠይቃል?

ሞተር የሚመረጠው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሚሄድበት አገር ነው። ከላይ እንደ ተነገረው አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሶዶ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። 80 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተሸጠ ሞተር፣ በዳሞታ ተራራ ሥር ሲሠራ የሚሰጠው 64 ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህ ጉዳት በብዙ ይቀልለታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ከሶዶ ተነሥቶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አርባ ምንጭ የደረሰ መኪና፣ ከደጋ ወጥቶ ቆላ ገብቷል፤ ከዚያ ሙዝ ጭኖ ሲመለስ በሙቀት ውስጥ ሽቅብ ይጐትታል። ወደ ዳውሮም የሚሄድ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና መውጣት አለበት። ራዲያተር የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ከፍታው ሌላ ጠባይ ያመጣል፤ ይኸውም በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሶዶ ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ ካልያዘ ውኃው ቀድሞ ይፈላል፤ ቴስታታውም ይሰነጠቃል። በዋጋ ትንሽ የሆነው ክዳን የትልቁ ሞተር ጠባቂ መሆኑን መርሳት አይገባም። እንዲሁም ሞተር በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ መተው አለበት፤ ይህ በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ሦስተኛው ጉዳይ ክብደት ነው። መኝታ የተሠራለት ቫን እንደ ሌላው መኪና ባዶውን የሚሄድበት ቀን የለውም። አልጋው፣ መደርደሪያው፣ ምድጃው፣ የውኃው በርሜል ዘወትር ከእርሱ ጋር ናቸው፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻ 100 ኪሎ ነው። በዚህ ላይ የገበያው ዕቃ፣ ዝንጅብሉ፣ ቅቤው፣ ቦሎቄው ይጨመራል። ስለሆነም ለእንዲህ ያለው መኪና የሚያስፈልገው ፈጣን ሞተር ሳይሆን በዝግታ ሲዞር ጉልበቱን የሚሰጥ ሞተር ነው።

3ኛ፤ ያሉት ምርጫዎች

ሀ. የራስን ሞተር ማሠራት። ሞተሩ ወደ ሬቲፊካ ተልኮ ሲሊንደሩ ይታረማል፣ ኮሎው ይለካል፣ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚን ይለወጣል። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የሞተሩ ታሪክ መታወቁና በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አለመለወጡ ነው። ጉዳቱ ሥራው ጊዜ መውሰዱና ውጤቱ በሠራተኛው እጅና በመለዋወጫው ጥራት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ቴስታታው ካልተሰነጠቀና ኮሎው ካልተጎዳ፣ ይህ መንገድ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ለ. ያንኑ ዓይነት ያገለገለ ሞተር መግዛት። ሁሉም ነገር በነበረበት ቦታ ስለሚገጠም የመካኒኩ ሥራ ቀላል ነው። ነገር ግን የሚገዛው ሌላ ሰው የሠራበት ሞተር ስለሆነ፣ ያለፈ ታሪኩን የሚያውቅ የለም። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ሲገዛ፣ ከዚህ በታች በ5ኛው ክፍል የተጻፈው ምርመራ ሳይደረግ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሐ. ከዚያው ቤተሰብ ከፍ ያለውን ወንድሙን መግጠም። ብዙዎቹ አሮጌ የሃይስ መኪናዎች የሚሠሩት «ኤል» በሚባለው የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ናቸው። የፒስተናቸው ስፋት በቅደም ተከተል 92፣ 96 እና 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። የውጭ አካላቸው የተቀራረበ በመሆኑ ከ2ኤል ወደ 3ኤል ወይም ወደ 5ኤል መሸጋገር ከሌሎቹ ለውጦች ሁሉ የቀለለ ነው። የኮምፒዩተር ጣጣ የላቸውም፤ ናፍጣው በፖምፓ ኃይል ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ከከተማ ርቆ ቢበላሽ እንኳ በተራ መካኒክ እጅ ይነሣል። ጥንቃቄው ግን ይህ ነው፤ ትልቁ ሞተር የራሱን ፖምፓና ኖዝል ይዞ መምጣት አለበት፤ የአሮጌው ፖምፓ ለትልቁ ሲሊንደር አይመጠንም። ራዲያተሩና ፍሪሲዮኑም ለጨመረው ጉልበት የሚበቁ መሆናቸው ይታይ። የእነዚህ ሞተሮች ታይሚንግ በቺንጋ የሚዞር በመሆኑ፣ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት አዲስ ቺንጋ ይግባለት፤ ከዚያም በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ። ቺንጋው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው አዲሱ ሞተር እንደ ገና ያልቃል።

መ. በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ዘመናዊ ቱርቦ ሞተር። እንደ 2ኬዲ ያለው 2,494 ሲሲ ሞተር በአዲሶቹ የሃይስ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ጉልበቱ ጥሩ፣ የነዳጅ አወጣጡ ቆጣቢ፣ ለከፍታችንም የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ ብቻውን ቢገዛ ምንም አይጠቅምም። ኮምፒዩተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ በሙሉ፣ መለኪያ ሴንሰሮቹ ሁሉ አብረው መምጣት አለባቸው። ለእኛ ቤት ከቀረቡት አራት ሐሳቦች አንዱ እንዲህ ያለ ሞተር ነበር፤ ዋጋውም የሚያስጎመጅ ነበር። ሲጠየቅ ግን ኮምፒዩተሩም ገመዱም አልነበረውም። ከዚህ ሌላ የዚህ ዓይነት ሞተር ኖዝሎች እጅግ በበረታ ግፊት ስለሚሠሩ ቆሻሻና ውኃ ያለበትን ናፍጣ አይታገሡም። ማደያ በማይገኝበት ገበያ ከጄሪካን የሚቀዳ ናፍጣ የሚጠቀም ነጋዴ ይህን አስቦ ይወስን።

ሠ. ከቤንዚን ወደ ናፍጣ መሻገር። ይህ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ የሚወደድ ለውጥ ነው፤ የተደበቀ አደጋም ያለበት ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ባዶነት የፍሬኑን ማገዣ ያንቀሳቅሳል። የናፍጣ ሞተር ግን ይህን ባዶነት አይፈጥርምና የተለየ የቫኩም ፖምፓ ያስፈልገዋል፤ በኤል ሞተሮች ላይ ይህ ፖምፓ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ይገኛል። ሞተሩ ተገጥሞ ይህ ፖምፓ ከተረሳ፣ ወይም በሌላ ዲናሞ ከተተካ፣ መኪናው በሜዳ ላይ ደኅና ይመስላል፤ ቁልቁለት ሲጀምር ግን ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ የተጫነ ቫን ይዞ የሚወርድ ሰው ይህን ስሕተት የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው። እንዲሁም የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሲተው መኪናውን ይዞ ያዘገየው የነበረውን ያህል ተራ የናፍጣ ሞተር አይዝም፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ በዝቅተኛ ማርሽ መግባት ግድ ነው። የሞተሩ ጉልበት ሲጨምር የፍሬኑ ኃይል አብሮ እንደማይጨምር ሁሉም ያስታውስ።

ረ. ኤሌክትሪክ። በአሁኑ ጊዜ መንግሥት የሚያበረታታው የኤሌክትሪክ መኪናን ነው። ዳሩ ግን አሮጌ ቫንን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ የባትሪውን ዋጋና ክብደት ይጠይቃል፤ ገበያ ተጓዥ ነጋዴም በሚያድርበት ስፍራ ሁሉ የሚሞላበት ኃይል መኖሩን ሳያረጋግጥ ሊጀምረው አይገባም። በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ግን ሊታሰብ የሚችል ነገር ነው።

4ኛ፤ ስለ ፎልክስዋገን ኮምቢ ጥቂት ቃል

መኝታ ያለው ቫን ሲነሣ የፎልክስዋገን ኮምቢ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1950 መሠራት የጀመረ፣ ከዓለም የመኝታ ቫኖች ሁሉ የታወቀው እርሱ ነው። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ያለ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። 1,600 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ከ50 የማይበልጥ የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ በሶዶ ከፍታ 40 ያህል ይቀረዋል። ራዲያተር የለውምና ውኃ አያፈላም፤ ነገር ግን የማራገቢያው ቺንጋ ሲላላ ወይም የአየር መምሪያ ቆርቆሮዎቹ ሲጎድሉ ሳያስጠነቅቅ ይቃጠላል። ይህ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ በመሆኑ፣ ያንኑ ዓይነት ከቮልስ አግኝቶ መግጠም ቀላል ነው። በኋለኛው ጊዜ በኮምቢ ላይ የገቡት 1,700፣ 1,800 እና 2,000 ሲሲ ሞተሮች ግን ሌላ ዓይነት ስለሆኑ አቀማመጣቸውም ይለያል፤ የሚገዛ ሰው ይህን ሳይለይ አይዋዋል።

በውጭ አገር እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረውን ሦስተኛውን ትውልድ ቫን የያዙ ሰዎች የሱባሩን ሞተር ይገጥሙበታል። ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የማገናኛ ሳሕኑ፣ የማቀዝቀዣው ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የእነዚህም ዋጋ የሞተሩን ዋጋ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ፋብሪካው ራሱ እንኳ በብራዚል አገር እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ኮምቢን ሲሠራ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአየሩን ሞተር ትቶ በውኃ የሚቀዘቅዝ 1.4 ሊትር ሞተር ለማስገባት ሲነሣ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ራዲያተር መጨመር ግድ ሆኖበታል። ከዚህ የምንማረው የሞተር ለውጥ የሞተር ብቻ ለውጥ እንዳልሆነ ነው።

5ኛ፤ ሲገዙ የሚደረግ ምርመራና የውል ጽሑፍ

ያገለገለ ሞተር ሲታይ የሚከተሉት ይፈጸሙ። የዘይት ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ይታይ፤ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተደባልቋል። ኮሎው በመፍቻ በእጅ ይዙር፤ በእኩል ኃይል የማይዞር ከሆነ ይተው። የውኃው መግቢያ አፎች ዝገት የበላቸው መሆን አለመሆናቸው ይመርመር። የሞተሩ ቁጥር ተፍቆ ወይም ተመትቶ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይነካ። ከተቻለ ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ በባትሪ ተነሥቶ ይደመጥ።

ሻጭና ገዢ ምንም ያህል ቢተማመኑ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ የማስታወቂያው ቀንና መንገድ በውሉ ላይ ቢሰፍር ለሁለቱም ይበጃል። ለአብነት ያህል የሚከተለውን ጽሑፍ መጠቀም ይቻላል፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ሻጭና ገዢ፣ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም.፣ ሞዴሉ … ቁጥሩ … የሆነ ያገለገለ ሞተር በብር … ተሻሽጠናል። ከሞተሩ ጋር የናፍጣ ፖምፓ፣ ኖዝሎች፣ ዲናሞ ከቫኩም ፖምፓው ጋር፣ ሞተሪኖና ቮላኖ ገዢ ተረክቧል። ሻጭ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ቅጂና የሽያጭ ደረሰኝ አስረክቧል። ሞተሩ በመኪናው ላይ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ በ… ቀን ውስጥ በሲሊንደሩ፣ በቴስታታው ወይም በኮሎው ላይ ጉድለት ቢገኝና ገዢ በጽሑፍ ቢያስታውቅ፣ ሻጭ ሞተሩን መልሶ ተቀብሎ ገንዘቡን ለመመለስ ወይም ተመሳሳይ ለመስጠት ተስማምቷል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ብዙ ጠብ የሚነሣው በሞተሩ ሳይሆን «ፖምፓው አብሮ ነው፤ አይደለም» በሚለው ነገር ነው።

6ኛ፤ ሊብሬና መድን

በሊብሬው ላይ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 በሥራ ላይ ካዋላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ምዝገባ ነው። ስለዚህ ሞተር የሚለውጥ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቀርቦ የሚጠየቀውን ማስረጃ ይጠይቅ፤ ከተለወጠም በኋላ አዲሱን ቁጥር ያስመዝግብ። ይህ ካልተደረገ ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ ይከለከላል፤ ሲሸጥ ገዢ ይሸሻል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አደጋ በደረሰ ጊዜ መድን ሰጪው «የተመዘገበው ይህ መኪና አይደለም» ብሎ ለመከራከር በር ማግኘቱ ነው። የሞተሩ ዓይነት ወይም ነዳጁ የተለወጠ እንደ ሆነ ለመድን ድርጅቱም በደብዳቤ ይገለጽ፤ የደብዳቤውም ቅጂ ማኅተም ተመትቶበት ይቀመጥ።

7ኛ፤ ዋጋን በሊትር መቁጠር

የብር ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሁለት ሞተሮችን በብር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የሚሻለው የዋጋቸውን ልዩነት በናፍጣ ሊትር መቁጠር ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ቫን በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንደኛው ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር፣ ሁለተኛው 11 ሊትር ቢፈጅ፣ የወሩ ፍጆታ 210 እና 165 ሊትር ይሆናል፤ ልዩነቱ በወር 45 ሊትር ነው። አሁን ቆጣቢው ሞተር ከነመግጠሚያው ከሌላው የሚበልጥበት ገንዘብ በዕለቱ የማደያ ዋጋ 1,800 ሊትር ናፍጣ የሚገዛ ከሆነ፣ 1,800 ለ45 ሲካፈል 40 ይሆናል። እንግዲህ ቆጣቢው ሞተር ዋጋውን የሚመልሰው በ40 ወር፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የመኪናው ሻሲ ይህን ያህል ዘመን ይቆያልን? ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። በዚህ ሒሳብ ላይ መኪናው ጋራዥ የሚቆምባቸው የገበያ ቀናት መጨመር አለባቸው፤ አንድ የገበያ ቀን ማለፍ ከብዙ ሊትር ናፍጣ ይበልጣልና።

የእኛ ቤት ባለቤት ይህን ሁሉ ካመዛዘኑ በኋላ የመረጡት 3ኤልን ከራሱ ፖምፓ ጋር ነው። ከአራቱ እጅግ ርካሹም እጅግ ብርቱውም አልነበረም። ነገር ግን ከነበረው 2ኤል ቦታ ላይ ያለ ብዙ ለውጥ ተገጠመ፤ በጋራዡ የቆየውም ከታሰበው ቀን አላለፈም። የተጫነ መኪና ከአባያ ሐይቅ አካባቢ ወደ ሶዶ ሲወጣ ቀድሞ በአንደኛ ማርሽ ይሳብበት የነበረውን ዳገት አሁን በሁለተኛ ይወጣዋል፤ በመዝገቡም ላይ የዘይት መጨመሪያ ሒሳብ ጠፍቷል።

8ኛ፤ ከተገጠመ በኋላ

አዲስ የገባ ሞተር በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አይጫንበት፤ በተለይ ታድሶ የገባ ከሆነ ዘይቱና ፊልትሮው በዚህ ጊዜ ይለወጥ። ውኃውና ዘይቱ በየማለዳው ይታይ። ሞተሩ የተቀመጠባቸው መያዣዎችና የቧንቧ ማሰሪያዎች ከመጀመሪያው የገበያ ጉዞ መልስ እንደ ገና ይጠበቁ። ሾፌሩም የናፍጣውን ሊትርና የሄደበትን ኪሎ ሜትር በየጉዞው እየጻፈ ለጸሐፊው ይስጥ። ይህ መዝገብ የሚቀጥለውን በሽታ ከመካኒኩ ቀድሞ ይናገራል።

ለማጠቃለል ያህል ከመዋዋል በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። አሮጌው ሞተር በልኬት ተመርምሯልን? አዲሱ ከካምቢዮው፣ ከራዲያተሩና ከፍሬኑ ጋር ይስማማልን? ሲበላሽ ከሶዶ ሳንወጣ የሚያሠራው ሰውና መለዋወጫ አለን? የዋጋው ልዩነት በሊትር ሲቆጠር በስንት ወር ይመለሳል? ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ይመዘገባልን? ለአምስቱም «አዎን» ወይም ግልጽ ቁጥር ያገኘ ነጋዴ ገንዘቡን በእምነት ይክፈል። ለአንዱ እንኳ መልስ ያጣ ግን አንድ ሳምንት ይታገሥ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ በችኮላ የተገዛ ሞተር ሁለት ጊዜ ያስከፍላልና።